ያልተነቃነቀው ፍራንክ

ልጄ ጅቡቲ ከባሏ ጋር ነው የምትኖረው። እሱ ወደብ ላይ፣ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ከተጋቡ በኋላ ብዙ ዓመት ልጅ አልመጣም፤ አንዴ መጥቶም ሳይጸና ቀረ። ስለዚህ እንደገና ማርገዟን የነገረችን ወሩ ከገፋ በኋላ ነበር። በስልክ ነው የነገረችን። ባለቤቴ ስልኩን ከጆሮው ሳይለይ፣ "እሰይ፣ እሰይ" እያለ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ግቢ ሲመላለስ አየሁና ገባኝ።

ስልኩን ተቀብዬ፣ "መጥቼ አርስሻለሁ" አልኳት።

"እማዬ፣ አትልፊ" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ሐኪሙ በኦፕሬሽን ነው የምትወልጂው ብሎኛል። ከዚያም በኋላ ከባድ እንዳላነሳ፣ ብዙ እንዳልንቀሳቀስ ነው የሚለው። እሱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። አንቺ ደግሞ ገበያውን አታውቂው፣ ገንዘቡን አታውቂው። በየቀኑ አንቺን ይዤ የምወጣው እኔ ልሆን ነው እኮ።"

ልታስከፋኝ ብላ አይደለም የተናገረችው። ነገሩ እውነት ነው። አራስ ልታርስ የሄደች ሴት ገበያ መውጣት ካልቻለች እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ አራሷን ከአልጋ ታስነሳለች። እኔ እሷን ስወልድ እናቴ ከገላን ቅቤዋንና የአጥሚት እህሏን ይዛ መጥታ እስከ ክርስትናዋ ቀን ድረስ የመንገዱን በር እንዳየው አልፈቀደችልኝም። ውኃ እንኳ ጎንበስ ብዬ አልቀዳሁም። ልጄም እንደዚያ እንድትተኛ ፈለግሁ። አንዴ የጠፋባት ልጅ አለ፤ ይህን ደግሞ ቆማ ሳይሆን ተኝታ ታሳድገው ብዬ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገኝ የዚያን አገር ገንዘብ ማወቅ ከሆነ፣ እማራለሁ አልኩ።

አስተማሪ ቤቴ ውስጥ ነበረኝ። ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአሮጌው ባቡር ነው የሠራው፤ በወጣትነቱ በሥራ ጅቡቲ ይመላለስ ነበር። እኛ የአቃቂ የባቡር ቤተሰቦች ስለ ጅቡቲ ያለን አስተያየት ከሌላው ሰው ይለያል። የሌላው ሰው ጅቡቲ ሙቀትና ወደብ ናት። የእኛ ጅቡቲ ርካሽ አገር ናት። ቤታችን ውስጥ ደህና ነገር ከተገኘ ከዚያ የመጣ ነው፤ ጎድጓዳ ሳህኑ፣ የአልጋ ልብሱ፣ ሬዲዮኑ፣ የዓመት በዓል ሽቶው። ባለቤቴ በሄደ ቁጥር ጎረቤት ሁሉ ዕቃ ያዝዘው ነበር። "ዕቃው ከመርከብ የሚወርደው እዚያ ነው፤ ከምንጩ ነው የምትገዢው" ይል ነበር፣ ዛሬም እንደዚያው ይላል።

አሁን ጉልበቱ ያስቸግረዋል፤ ረጅም መንገድ አይሞክርም። ልሄድ መሆኔን ሲሰማ ግን ቀና ብሎ ተቀመጠ።

"ጅቡቲን ለእኔ ተዪው" አለ።

በማግሥቱ የአምናውን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ በመቀስ ቆራርጦ፣ በነጩ በኩል በእስክሪብቶ ቁጥር ጽፎ ጠበቀኝ። አሥር ሺህ፣ አምስት ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ አንድ ሺህ፣ አምስት መቶ። ለሳንቲሙ ደግሞ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቧል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት፣ ሳሙናና የሻማ ጥቅል ደርድሮ ከኋላው ቆመ።

"ቦንዡር ማዳም" አለኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩት።

"እንደሱ አይባልም። ቦንዡር በዪ።"

"ሽንኩርቱን ስጠኝና ልሂድ።"

"መጀመሪያ ዋጋ ትጠይቂያለሽ። ስንት ነው ለማለት ኮምቢያን ነው።"

"እሱስ መልሱን በምን ይነግረኛል?"

"በፈረንሳይኛ።"

"ታዲያ ብጠይቀው ምን ዋጋ አለው?"

"በጣቱ ያሳይሻል! አንቺ ሴትዮ፣ መማር ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?"

እፈልግ ነበር። ስለዚህ ኮምቢያን አልኩ። ሽንኩርቱን በሁለት መቶ ሸጠልኝ፣ ሳሙናውን በመቶ ሃምሳ። መልስ አሳስቶ እየሰጠኝ እንድይዘው ያደርጋል፤ ስይዘው ደስ ይለዋል፤ ሳልይዘው ደግሞ፣ "በቃ፣ ተበላሽ" ብሎ ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ቆርኪዎቹ ኪሱ ውስጥ ሲንቃጨሉ ነበር የሚውሉት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ጥቂት ዓመትም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ቁጥር አያስፈራኝም። የከበደኝ ይህ ሁሉ ሺህ በእኛ ስንት እንደሆነ ማወቁ ነበር።

"እሱ ቀላል ነው" አለ። "አንዱ ብር ሰማንያ አምስት ፍራንክ ነው። ማካፈሉ እንዳይከብድሽ ሁለቱን ዜሮ ጣዪና ትንሽ ጨምሪበት። አምስት መቶ ካሉሽ አምስት፣ ትንሽ ስትጨምሪበት ስድስት ብር ገደማ። ይህን ከያዝሽ ጅቡቲ ውስጥ ማንም አያታልልሽም።"

"አሁንም እንደዚያ ነው?"

"ፍራንክ አይነቃነቅም" አለ። ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ተከለ። "በዶላር የታሰረ ነው። መንግሥት ቢለወጥ፣ ጦርነት ቢመጣ፣ ንቅንቅ የለም። እኔ የተውኩበት ቦታ ነው የምታገኚው።"

እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር ደስ ይላል። ጡረታ ከወጣ በኋላ እርግጠኛ የሚሆንበት ነገር እያነሰ መጥቷል። አምኜው ሁለቱን ዜሮ መጣል፣ ትንሽ መጨመር ለመድኩ። ሳሪስ ገበያ ስሄድ እንኳ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ የማየውን ዋጋ ሁሉ በልቤ ወደ ፍራንክ እመልስ ነበር።

የልጄ ባል በስልክ፣ "እማማ፣ ገንዘብ እንዳይዙ፤ እዚህ ሁሉም አለ" ስላለኝ ከመንገድ ወጪ በቀር ምንም አልያዝኩም። ባንክ ቤት ሄጄ መመንዘርም አላስፈለገኝም። ያኔ ሄጄ ቢሆን ኖሮ የመስኮቷ ልጅ አንድ ነገር ትነግረኝ ነበር ይሆናል።

ጉዞዬ በአዲሱ ባቡር ነበር። ባለቤቴ ለቡ ጣቢያ ድረስ አብሮኝ መጣ፤ ሸኚ አይገባም ተብሎ ግን ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ዘወር ብዬ ሳየው በአጥሩ ፍርግርግ በኩል መጀመሪያ ስምንት ጣት፣ ቀጥሎ አምስት ጣት ያሳየኛል። ሰው እያየን ስለነበረ አንገቴን ብቻ ነቀነቅሁለት።

ጅቡቲ በደረስኩ በሳምንቱ ልጄ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሐኪሙ እንዳለው በኦፕሬሽን ነው፤ ሁለቱም በሰላም ወደ ቤት ገቡ። ቤታቸው ምድር ቤት ነው፤ ትንሽ ግቢና የብረት በር አለው። የልጄ ባል ጠዋት ሲወጣ የዕለቱን ገንዘብ የስኳር ዕቃው ሥር ያስቀምጣል። እኔ ልጄን አጥሚት አጠጥቼ፣ ሕፃኑን አጥቤ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ዘንቢሌን ይዤ እወጣለሁ።

ገበያው የፈራሁትን ያህል አልነበረም። አትክልት የሚሸጡት አብዛኞቹ ከእኛው አገር የመጡ ናቸው። አንዲት የሐረርጌ ሴት አገኘሁ። እኔ የገላን ገበሬ ልጅ ስለሆንኩ በኦሮምኛ ነው አፌን የፈታሁት፤ የእሷ አነጋገር ከእኛ ቢለይም ተግባባን። ባለቤቴ የሰጠኝ ኮምቢያን አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ሴትየዋ ዋጋ ስትነግረኝ ሁለቱን ዜሮ እጥላለሁ፣ ትንሽ እጨምራለሁ። ቲማቲሙ አራት ብር። ማንጎው ስድስት ብር። ዓሣው ራሱ አሥራ አምስት ብር! ባለቤቴ እውነቱን ነበር፤ ከምንጩ ነው። በአራት ብር ቲማቲም ላይ ምን ክርክር አለ? የተባልኩትን ከፍዬ ዘንቢሌን እየሞላሁ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከትምህርቴ ተለየብኝ። ባለቤቴ በወረቀት ቆርጦ የሰጠኝ አምስት መቶ፣ እዚያ ስደርስ ቢጫ ሳንቲም ሆኖ ጠበቀኝ። ቁጥሩን አየሁ፤ አምስት መቶ ይላል። አላስደነቀኝም። የእኛ አንድ ብር ወረቀት አልነበረም? ዋጋ ሲያጣ ነው ሳንቲም የሆነው። የእነሱም እንደዚያ ሆኖ ይሆናል አልኩ።

ሳንቲም ደግሞ ለእኔ ገንዘብ አይደለም፤ የነዳያን ነው። ከልጅነቴ ያየሁት እንደዚያ ነው። ወረቀቱ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ሳንቲሙ በመሐረብ ጫፍ ይቋጠርና ለቤተ ክርስቲያን በር ይቀመጣል። እዚያም እንደዚያው አደረግሁ። ከገበያው ስመለስ አንድ ረጅም ግንብ አለ፤ ከጥላው ሥር ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው የእኛ አገር ልጆችም አሉ፤ ባሕሩን ሊሻገሩ በእግራቸው መጥተው እዚያው የቀሩ። የመጀመሪያው ቀን መሐረቤን ፈትቼ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቢጫ ሳንቲም ሰጠሁ። ሳንቲሙን ስመው ግንባራቸው ላይ አደረጉት። ደስ አለኝ፤ በእኛ አገር እንዲህ የሚያመሰግን ቀርቷል።

በማግሥቱ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሥተው ቆሙ። በሦስተኛው ቀን አንዷ ዘንቢሌን ተቀበለችኝ፣ ሌላዋ ጥላ ያዘችልኝ፣ ልጆቹ "እማማ! እማማ!" እያሉ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። እስከ ግቢው በር ሸኝተው መርቀውኝ ተመለሱ።

ማታ ለባለቤቴ ደውዬ፣ "ሰው አክባሪ አገር ነው" አልኩት።

"አላልኩሽም?" አለ።

ቤት ውስጥ የልጄ ባል አመሻሹ ላይ ገብቶ ማዕዱን ሲያይ፣ "እማማ፣ ዛሬም ዓሣ?" ይለኛል።

"ምን አለበት? ርካሽ ነው።"

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልን" ይልና ይበላል። ጥሩ ልጅ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚበላው። ሸሚዙ ሁልጊዜ በላብ ርሶ ነበር የሚገባው። የወደብ ሥራ እንደዚህ ነው ብዬ አሰብኩ።

አንድ ጠዋት ሸኚዎቼ ከወትሮው በዝተው ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ አንዷ እልልታዋን አቀለጠችው። ሕፃኑ ነቃ። ልጄ ግድግዳውን ይዛ ወደ መስኮቱ መጣች። ወደ ውስጥ ስገባ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

"እማዬ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?"

"የሰፈርሽ ሰዎች ናቸው።"

"የእኔ ሰፈር ሰው እኔን እንኳ አንድ ቀን ሸኝቶኝ አያውቅም።" ዞር ብላ አየችኝ። "ምን አድርገሻቸው ነው?"

"ምን አደርጋቸዋለሁ? ከዝርዝሩ ለነፍስ እሰጣቸዋለሁ እንጂ።"

"ከየትኛው ዝርዝር?"

መሐረቤን ፈታሁላት። ሁለት ቢጫ ሳንቲም ቀርቶ ነበር። አንዱን አንስታ በመዳፏ ያዘችው።

"ይህን ነው የምትሰጪው? ለአንድ ሰው?"

"ለእያንዳንዳቸው ነው እንጂ። ስድስት ብር ደግሞ ምን አላት?"

"ስንት ብር?"

"ስድስት። ሁለቱን ዜሮ ጥለሽ ትንሽ ስትጨምሪበት።"

ልጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ "እማዬ፣ አታስቂኝ፣ ስፌቱ... ወይኔ፣ ስፌቱ" ትላለች፣ እንደገና ትስቃለች። እኔ ቆሜ ነበር። የሚያስቀው ነገር አልገባኝም።

ሲያልፍላት እንባዋን ጠርጋ ነገረችኝ። "አባዬ እውነቱን ነው፤ ፍራንኩ ንቅንቅ አላለም። የወደቀው የእኛ ብር ነው። አሁን አንዱ ፍራንክ ከአንዱ ብር ብዙ አይርቅም።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያቺ ቢጫ ሳንቲም ወደ አራት መቶ ብር የምትጠጋ ነበረች። ዓሣው፣ ማንጎው፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ። የሚገርመው ብር መውደቁን እኔና ባለቤቴ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ዘይት በገዛን ቁጥር፣ ጤፍ በጠየቅን ቁጥር የምናማርረው እሱን ነው። ግን ያ ቤታችን ውስጥ ስናማው የምንውለው ብር፣ ፍራንኩን ስናሰላ ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው ብር መሆኑ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኳት።

"ነጋዴዎቹ እያስወደዱብሽ መስሎኝ ነበር። እናትን ደግሞ ገንዘብ ፈጀሽ ብሎ የሚናገር ማን ነው? እሱማ፣ 'አንድ ቃል ብትተነፍሺ ተጣላን' ብሎኛል።" ደግሞም፣ "ለታክሲ የሚያወጣውን ገበያው ላይ እየጨመረ በእግሩ ነው የሚመላለሰው" አለች።

ሸሚዙ ያኔ ገባኝ። በዚያ ሙቀት፣ እስከ ወደቡ።

ሳቋ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር። "ግድ የለም፣ እማዬ" አለች፣ በለሆሳስ። "ከነገ ጀምሮ እኔ እወጣለሁ። አንቺ ሕፃኑን ትይዣለሽ።"

ከአገሬ የወጣሁት ይህን እንዳልሰማ ነበር።

በማግሥቱ ባሏ እንደወጣ ቀድማኝ ተነሥታ አገኘኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን በእግሯ ትፈልጋለች። ጎንበስ ማለት አልቻለችም። ጫማውን በእግሬ ገፍቼ አራቅሁት።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ነገርኩሽ እኮ። ገበያ።"

"ልጁስ?"

"አንቺ አለሽ አይደል?"

"ቢርበው ጡት ከየት አመጣለታለሁ?"

ልትስቅ ዳዳት፤ ተወችው። ፊቷ ከሕመሙ የተነሣ ገርጥቶ ነበር። "እማዬ፣ በጀቱ አይችልም። ወሩ ገና ነው።"

"አስተምሪኛ" አልኳት።

"አባዬ አስተምሮሽ የለ?"

"እሱ ያስተማረኝን እዚህ ጣልኩት። አንቺ አስተምሪኝ። ዛሬ አንድ ቀን ብቻ ላኪኝ፤ ካበላሸሁ ነገ ጫማሽን ራሴ አጠልቅልሻለሁ።"

ልጄን አውቃታለሁ፤ ቁርጥ ያለ ነገር ትወዳለች። ቦርሳውን አልጋው ላይ ገለበጠችው። ሳንቲሙን በአንድ በኩል፣ ወረቀቱን በአንድ በኩል አደረገች። ሕፃኑ በመካከላችን ተኝቷል።

"መጀመሪያ ብርን እርሺው" አለች። "ድራሹን አጥፊው። እዚህ አገር ብር የሚባል ነገር የለም። ስንት ብር ነው ብለሽ ካሰብሽ ወይ ሁሉም ይረክስብሻል፣ ወይ ሁሉም ይወደድብሽና ምንም ሳትገዢ ትመለሻለሽ። ይህችን እያት። ሃያ። ይህች ዳቦ ናት። ሁለት ሦስቱ ሲሆኑ የቁርሳችን ዳቦ ናቸው። ይህች መቶ። ጎመን ናት። አምስት መቶዋ የሁለት ቀን ሽንኩርትና ቲማቲም ናት። ይህች ቀይዋ ሺህ፣ ሥጋ ከሌለበት የቀኑ ቀለብ ናት። ሥጋ ካለ ሁለት ትሆናለች። ዓሣ በሳምንት አንድ ቀን።"

እያንዳንዷን እየያዝኩ ደገምኩላት። ዳቦ። ጎመን። የሁለት ቀን ሽንኩርት። እንደ ተማሪ አስደገመችኝ፣ ሳሳሳት፣ "አይ፣ እንደገና" እያለች። አባቷን ትመስላለች።

በመንገድ ላይ ስሄድ ብሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ሳልፈልገው ዜሮዎቹን መጣል እጀምራለሁ። ያኔ ትዝ ያለኝ የአንደኛ ክፍል ጊዜዬ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ ቁጥር የማውቀው በኦሮምኛ ብቻ ነበር። አስተማሪው በአማርኛ ሰባት ሲል እኔ በልቤ ቶርባ ብዬ፣ ጣቴን ቆጥሬ፣ እንደገና ወደ አማርኛ መልሼ ነበር የምናገረው። ስደርስ ሌላው ልጅ ቀድሞኛል። ከዚያ፣ በምን ቀን እንደሆነ አላውቅም፣ መመላለሱን ተውኩት። ሰባት ሰባት ሆነ። አሁንም የሚፈለግብኝ እሱው ነው፤ መመላለሱን መተው።

የሐረርጌዋ ሴትዮ ገና ሳትጠየቅ ቲማቲሙን መመዘን ጀመረች።

"ቆዪ፣ ኪሎው ስንት ነው?"

"ሦስት መቶ ሃምሳ።"

"ሁለት መቶ።"

ሚዛኑን አስቀመጠች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። "እናቴ፣ ዛሬ አሞሻል እንዴ? ትናንት ሦስት መቶ ሃምሳ ስልሽ ዝም ብለሽ አይደል የወሰድሽው?"

"ትናንት እንግዳ ነበርኩ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ገበያተኛ ነኝ።"

"ማን ነው የመከረሽ?"

"ልጄ።"

"አይ ልጅ!" አለች፣ አጠገቧ ወዳለችው ነጋዴ ዞራ። "ሰማሽ? ወልዳ ተኝታ እንኳ እንጀራዬን ትዘጋብኛለች።" ሁለቱም ሳቁ። ብዙ ተከራከርን። አልችልም ስትል ትቻት ሄድኩ፤ ጠራችኝ፤ ተመለስኩ። በሁለት መቶ ሃምሳ ሰጠችኝና አንድ እፍኝ ቃሪያ ምርቃት ጣለችልኝ። ቢጫውን ሳንቲም ስሰጣት ሁለት ቀን የሚበላ ሽንኩርትና ቲማቲም እንደሰጠኋት አውቄ ነው የሰጠኋት። ሌላ ስሌት አልመጣብኝም።

የግንቡ ጥላ ሥር ስደርስ ሁሉም ተነሥተዋል። ሃያ ሃያውን አወጣሁ። የመጀመሪያዋ ተቀብላ ሳንቲሙን አገላብጣ አየችው።

"እማማ፣ ዛሬ ምነው ጨከኑብን?"

"ልጄ ተቆጣችኝ" አልኩ።

ሳቁብኝ። አንዲት ትልቅ ሴት፣ "ተዉአቸው፣ አራስ አለባቸው፤ እንኳን ማርያም ማረቻት" አለች። እስከ በሩ የሚሸኘኝ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፋ። ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት ብቻ የዘንቢሌን አንድ ጆሮ ይዛ እስከ ማዕዘኑ አብራኝ መጣች፤ የአገሯን ዝናብ እያነሣች ታወራኝ ነበር።

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቦርሳውን ተቀብላ የቀረውን ቆጠረች፣ ዘንቢሉን አየች፣ እንደገና ቆጠረች። "ነገም ትሄጃለሽ" አለችኝና ተመልሳ ተኛች።

ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙቀቱ ጸጥ ሲል ለባለቤቴ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ዓሣውን፣ ቢጫውን ሳንቲም፣ የልጃችንን ባል እግር። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ሰማኝ። እሱ እንዲህ አይሰማም።

"ቆይ" አለ በመጨረሻ። "ፍራንኩ ተነቃነቀ?"

"አልተነቃነቀም።"

"በዶላር የታሰረ ነው?"

"ነው ብለውኛል።"

"ታዲያ!" አለ። "እኔ ምን አልኩሽ?"

ልመልስለት አሰብኩና ተውኩት። እሱ ግን ስልኩን አልዘጋም። "አምስት መቶው ግን ወረቀት ነበር እኮ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ደህና ወረቀት ነበር።" ቀጥሎ፣ "ለዚያ ልጅ የጫማ ብልክለትስ?" አለኝ። ብር ልላክ ብለህ አትጨነቅ አልኩት። ከዚያ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ጠየቀኝ፤ አፍንጫው ያንተው ነው አልኩት፣ ተጽናና።

የልጄ ባል ታክሲ መያዝ ጀመረ። ለእሱ ምንም አልተናገርኩም፤ እሱም ምንም አልጠየቀም። አንድ ቀን ማታ ሽሮ ሳቀርብለት ብቻ፣ "እማማ፣ ዓሣው ሰልችቶኝ ነበር" አለ። ሰልችቶት አልነበረም። እኔም፣ "እኔንም" አልኩት።

ልጄ ግን ገና አላመነችኝም። በየቀኑ ስመለስ ነቅታ ነው የማገኛት፤ መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ኋላ መስኮቱ ሥር፣ ኋላ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ። ቦርሳውን ትቀበላለች፣ ትቆጥራለች፣ ቲማቲሙን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ታያለች። እኔ ገበያ በዋልኩበት ሰዓት ሁሉ እሷም ሳትተኛ በልቧ ገበያ ትውላለች ማለት ነው። ሌሊቱን ሕፃኑ አያስተኛትም፤ ያለቻት ጊዜ ያቺ የጠዋቷ ነበረች። አልተቆጣሁም። ሰው ያየውን ነው የሚያምነው፤ እሷ ደግሞ ያየችው ዓሣውን ነው። በየቀኑ ወጣሁ፣ በየቀኑ የቀረውን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ።

አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ ድምፅ የለም። ዓሣ የሚገዛበት ቀን ነበር፤ ከነጋዴው ጋር ብዙ ተከራክሬ ዘግይቻለሁ። ትጠይቀኛለች ብዬ ዋጋውን በአፌ ይዤ ነው የገባሁት። ወደ መኝታ ቤቱ አንገቴን አስገባሁ። ልጄ በጎኗ ተኝታለች፤ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ፀጉሯ ትራሱ ላይ ተበትኗል። አንድ እጇ ሕፃኑ ላይ ነው። የቤት ጫማዋ አልጋው ሥር እግሯ ከማይደርስበት ገባ ብሎ ተቀምጧል። አልሰማችኝም።

ቦርሳውን የስኳር ዕቃው አጠገብ አኖርኩት። ዓሣውን ወደ ጓዳ ወስጄ፣ እንዳይንኳኳ የድስቱን ክዳን በጨርቅ ይዤ አነሣሁና ማጠብ ጀመርኩ። ሾርባው እስኪደርስ አልነቃችም።